ምሳ በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ፣ ለተመራቂዎች በተሰጠው ተራ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን ጸሓፊ ባለፈው ሳምንት መኝታ ክፍሌ ድረስ መጥቶ «በዕረፍት ጊዜህ ካየኸው ነገር አንዱን መርጠህ ሃያ ደቂቃ ተናገር» ባለኝ ጊዜ፣ ልቤ ወዲያው እሺ አላለም ነበር። ምክንያቱም ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ጓደኞቼ የተናገሩትን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንዱ የስሜንን ተራራ አሳይቶናል፤ አንዱ ላሊበላ ወስዶናል፤ አንዲት እኅታችን ደግሞ የሶፍ ዑመርን ዋሻ እስከ ሌሊት ወፎቹ ድረስ አምጥታ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለቃብናለች። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ እኔ ተነሥቼ ስለ አንድ ምሳ ብናገር፣ «ይኸ ሰው ሆዱን እንጂ አገሩን አላየም» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሆነ ሆኖ ከአራቱ ዓመት ዕረፍቶቼ ሁሉ ከኅሊናዬ ያልወጣው ያ ምሳ ስለ ሆነ፣ ሌላ ነገር ብመርጥ ማስመሰል ይሆንብኛል።

ነገሩ የሆነው በ1914 ወይም በ1924 ሳይሆን በ2014 ዓ.ም. ነው። ይህን የምለው ወደ ኋላ ስለ ብዙ የድሮ ዘመን ስለማወራ፣ የሽማግሌ ንግግር እንዳይመስላችሁ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ፣ ክረምቱን አዲስ አበባ ከአጎቴ ዘንድ ላሳልፍ ሄጄ ነበር። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን፣ ሁለት ነገር ይወድዳል፤ አንደኛው የድሮ ቤት ማየት ነው፤ ሁለተኛው በዝግታ መብላት።

ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። ከጧት ጀምሮ የወረደው ዝናብ ስድስት ሰዓት ሲሆንም አላባራም። አጎቴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጥላውን ይዞ፣ «ተነሥ፤ ዛሬ እናትህ የማታበላህን ምሳ አበላሃለሁ» አለኝ። እኔም «ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት?» ብለው፣ «ምግብ በገንዘብ መብላት ከተጀመረበት ቤት» ብሎ መለሰልኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከፒያሳ ዝቅ ብለን፣ በውኃ ከተሞላው የድንጋይ መንገድ እየተዘለልን ወደ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ገባን። ደረጃው እንጨት ነው፤ ወለሉ እንጨት ነው። አንድ ሰው በላይኛው ፎቅ ሲራመድ ከታች ያለው ሰው ስንት እርምጃ እንደ ተራመደ ይቈጥራል። መስኮቶቹ ረዣዥም ናቸው፤ ጣራው ከፍ ያለ ነው። አሁን በየመንገዱ እንደምናየው የመስተዋት ሕንፃ የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም፤ ሰውን «ቶሎ በልተህ ቶሎ ውጣ» የሚል ፊትም የለውም። አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ አጠገብ ጋዜጣቸውን ዘርግተው አንቀላፍተዋል። ሁለት ጐረምሶች አንድ ቡና ይዘው የኖሩ ይመስላሉ። በአንድ ጥግ ጀርባቸው ላይ ትልልቅ ሻንጣ የተሸከሙ የውጭ አገር ወጣቶች፣ ጫማቸው ጭቃ እንደ ሆነ፣ ካርታ ዘርግተው ይከራከራሉ። ማንም ማንንም አይቸኩልም፤ ማንም ማንንም አይገላምጥም። እኔ ከክፍለ ሀገር የመጣሁ ሰው ሆቴል ስገባ መጀመሪያ ጫማዬን አያለሁ፤ እዚያ ግን ከእኔ ጫማ የባሰ አየሁና ልቤ ተረጋጋ።

ምግቡ በረዥም ገበታ ላይ ተደርድሯል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ አዚፋ፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ሩዝ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው። ሰው ሳህኑን ይዞ ይሄድና ራሱ እያነሣ ይመለሳል። ሥጋ የለም፤ ቅቤ የለም፤ ዕንቍላል የለም። ይህ ለፍልሰታ ብቻ የተዘጋጀ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አስተናጋጁ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ እንደሚቀርብ ነገረን። እንግዶቹም የእንስሳ ነገር ላለመብላት የወሰኑ ሰዎች ናቸው አለን። አጎቴ እነዚያን ሻንጣ ተሸካሚዎች ትክ ብሎ ሲያይ ቆይቶ፣ «እኛ ጾሙ መቼ በተፈታ እያልን ቀን እንቈጥራለን፤ እነዚህ ፋሲካ የሌለው ጾም ያዙ» አለ። ከዚያም ራሱን ነቅንቆ ሁለተኛ ጊዜ ሽሮ ሊያነሣ ሄደ።

አሁን እንግዲህ የቤቱን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ያለ እርሱ ምሳው ምሳ ብቻ ነውና።

ይህ ቤት በ1898 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ብጡል የተቋቋመ፣ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ዘመኑን አስቡት። አዲስ አበባን በስሟ የጠሯት እቴጌይቱ ራሳቸው ናቸው፤ ከተማይቱ ግን ገና ከድንኳን ወደ ቤት በመለወጥ ላይ ነበረች። በዚያው በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1900 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ወርዶ፣ የቀረውን መንገድ በበቅሎ እየተጓዘ ብዙ ቀን ደክሞ ነበር አዲስ አበባ የሚደርሰው። ደርሶስ የት ያርፋል? ወይ ድንኳን ይተክላል፤ ወይ ከአገሩ ሰው ግቢ ይጠጋል፤ ወይ በቤተ መንግሥቱ እንግድነት ይቀበሉታል። ባንክ ያለው፣ ሚኒስትር ያለው፣ ባቡር የሚጠብቅ ከተማ፣ እንግዳውን ገንዘብ ተቀብሎ የሚያሳድር ቤት አልነበረውም።

ሆቴሉን ለመትከል ግን ድንጋይና እንጨቱ አልነበረም ችግሩ፤ ሰዉ ነበር። አጎቴ ሹካውን አስቀምጦ፣ በእጁ እየበላ የነገረኝ ይህን ነው።

በዚያ ዘመን ምግብ የሚሰጥ ነገር ነው እንጂ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ጠጅ ቤት ነበረ፤ ጠጅ መሸጥ የተለመደ ነው። እንጀራና ወጥ መሸጥ ግን ሌላ ነው። መንገደኛው «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ከማንም ደጅ ይቆማል። ወታደሩና ሎሌው ከጌታው ገበታ ይበላል። ታላቁም ሰው ከንጉሡ ግብር ይቀርባል። በምኒልክ ትልቅ አዳራሽ በሺህ የሚቈጠር ሰው በየተራው እየገባ ግብር ይበላ እንደ ነበር ሁላችንም በታሪክ ተምረናል። ሰው የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው ከማን ገበታ እንደሚበላ በማየት ነበር። እንግዲህ ገንዘብ ከፍሎ የሚበላ ሰው ማለት፣ ዘመድ የሌለው፣ ጌታ የሌለው፣ ማንም «ና ብላ» የማይለው ሰው ማለት ነው። ሻጩስ? እርሱ የባሰ ነው፤ ለእንግዳ በነፃ የሚሰጠውን እንጀራ ወደ ገንዘብ የለወጠ ነውረኛ ነው።

ስለዚህ ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ ሰው ምግቡን ገዝቶ ለመብላት አልደፈረም ይባላል። በሰፊው እንደሚተረከው አጤ ምኒልክ መኳንንቱን ሰብስበው ወደ ሆቴሉ ወሰዷቸው። የመጀመሪያውን ቀን ሁሉም እንደ ግብር በልቶ ጠጥቶ አመስግኖ ሄደ። ወጥ ቤቱ የጣይቱ ነው፤ ጣይቱ የንጉሡ ሚስት ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ ግብር ምን አለ? በሌላ ቀን ግን ምኒልክ ከበሉ በኋላ ገንዘብ አውጥተው ከሁሉ በፊት የራሳቸውን ሒሳብ ከፈሉ። ወደ መኳንንቱም ዞረው፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የበላ ሁሉ እንደ እርሳቸው ከፍሎ እንደሚወጣ ነገሯቸው። ንጉሡ ከከፈለ ማን አልከፍልም ይላል? እንዲህ እንዲህ እያለ ተለመደ።

አጎቴ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። «እስኪ አስበው፤ ሰውዬው ለገዛ ሚስቱ ሒሳብ ከፈለ! በአገሩ ሁሉ ፊት ከኪሱ አውጥቶ!» ይልና ይስቃል። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። እንጀራውን ጠቅልዬ በእጄ እንደ ያዝሁ ቀረሁ። ለምን እንደ ሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የቤቱን ነገር ልጨርስ።

ከምኒልክና ከጣይቱ በኋላ ያ ቤት ያላየው ነገር የለም። የኢጣልያ ጦር ሊወርረን በተዘጋጀበት በ1927 ዓ.ም. መጨረሻና በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነቱን ለማየት ከዓለም ዙሪያ የጐረፉት ጋዜጠኞች አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቋት ከሠፈሩባቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ ወራሪው ገባ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፤ ደርግም ሄደ። ቤቱ አለ። በኋላም በአንድ በኩል የጃዝ ሙዚቃ የሚሰማበት አዳራሽ ተከፍቶበት፣ ስመ ጥር ሙዚቀኞቻችን ሌሊቱን ያነጉበት ነበር። ይህ አዳራሽ በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣው እሳት ተቃጠለ። እሳቱ ከቤቱም ያጐደለው ነበር፤ ዳሩ ግን ተጠግኖ፣ እኔ በገባሁበት ቀን ወለሉ እንደ ተለመደው ይንቋቋ ነበር። አስተናጋጁን «አባባ፣ በእሳቱ ቀን እዚህ ነበሩ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ስለ እሳት በምግብ ላይ አይወራም» ብለው ሻይ አመጡልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እወድዳለሁ። ይህን ቤት ሳመሰግን የቤተ መንግሥት ወዳጅ ሆኜ አይደለም። ሆቴሉ በመጀመሪያ የተሠራው ለፈረንጅና ለመኳንንት እንጂ ለአንተና ለእኔ አያት አልነበረም። ምኒልክ ከፈሉ ብለን መቶ ዓመት ሙሉ ስንተርክ፣ በዚያን ቀን እህሉን የፈጨችውን፣ እንጀራውን የጋገረችውን፣ በጭሱ ዐይኗን ያጣችውን ሴት ስም የተረከ የለም። ታሪካችን የበላውን ሰው ይጽፋል፤ ያበሰለችውን አይጽፍም። እንዲህም ሆኖ ያ ክፍያ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሲበላ የማንም ሎሌ መሆኑ ይቀራል፤ አጠገቡ ከተቀመጠው ባላባት ጋር ሒሳቡ አንድ ነው። ያበሰለውም ሰው የድካሙን ዋጋ ያገኛል እንጂ የጌታ ምርቃት ብቻ ተሸክሞ አይሄድም። ደግሞም እኒሁ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውን፣ የሚነግደውን በሙያው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠር ያስታወቁበት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አዋጁ ከአፋችን ላይ ስድቡን አንሥቶት ይሆናል፤ ከሆዳችን ግን አላነሣውም። ይህን የምለው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። ስለ ራሴ ነው የምናገረው።

እንግዲህ ወደዚያ የተጠቀለለ እንጀራ ልመለስ።

ከዚያ ምሳ ሦስት ሳምንት በፊት፣ የትምህርቱ ዓመት እንዳለቀ፣ እኔና አራት ጓደኞቼ በአንድ ሚኒባስ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ተሳፍረን ነበር። እነዚህ ጓደኞቼ የእኔ ቤተሰብ አዲስ አበባ እንደሚኖር ያምናሉ። እንዲያምኑ ያደረግሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ዓመት የገባችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም «የየት አገር ልጅ ነህ? አባትህ ምንድን ናቸው?» ይባባላል። እኔም አጎቴን አባቴ አድርጌ፣ የሒሳብ ሠራተኛነቱንም ከፍ አድርጌ ነገርኋቸው። እውነቱ ግን አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ሞቷል። እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ናት። የምትኖረውም ደጀን ነው፤ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ። ሥራዋም ለመንገደኛ ምግብ መሸጥ ነው።

ደጀንን የማያውቅ ካለ፣ መኪና ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት፣ ወይም ከወጣ በኋላ፣ ሰው ወርዶ የሚበላባት ከተማ ናት። እናቴ መጀመሪያ በአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ጀመረች። ቀጥላ ዳቦ ጨመረች፤ ቀጥላ ሽሮ። ስድስት አግዳሚ ወንበርና ሦስት ጠረጴዛ ያላት፣ በቆርቆሮ የተከደነች ቤት ናት። እኔ የቤት ሥራዬን የሠራሁት ከሦስቱ ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ፣ መንገደኛ ሲመጣ ደብተሬን እያነሣሁ፣ ሲሄድ መልሼ እየዘረጋሁ ነው። በትምህርት ቤት «የወጥ ቤቷ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ደብተሬ ሁልጊዜ በርበሬ በርበሬ ይሸትታል ብለው አጠገቤ መቀመጥ የማይወድዱም ነበሩ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከሁሉ በፊት የጣልሁት ነገር ይህን ስም ነው።

ሚኒባሱ ደጀን ሲቃረብ ልቤ መምታት ጀመረ። በደጀን ምግብ ቤት ብዙ ነው፤ ሹፌሩ ከፈለገበት ያቆማል። «ከሌላው ቤት ያቁም» እያልሁ ተሳልሁ፤ ለየትኛው ታቦት እንደ ተሳልሁ ብነግራችሁ ያሳፍራል። ሹፌሩ ግን በቀጥታ ሄዶ ከእናቴ በር ፊት አቆመ። «የዚህች ቤት ሽሮ ወደር የለውም» አለን።

እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች። አየችኝ። ፊቷ ሲበራ አየሁት፤ በቤት የምትጠራኝ ስም ከአፏ ሊወጣ ሲል አየሁት። እኔም ቀደምኋት። «እንደምን ዋሉ እትዬ፤ ለአምስት ሰው ሽሮ ያቅርቡልን» አልኋት።

አስቡት፤ «አንቺ» እያልሁ ያደግሁትን እናቴን «እርስዎ» አልኋት። በሌላ ቦታ አክብሮት ይባል ይሆናል።

እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ቆም አለች። ከዚያ ወደ ጓደኞቼ ዞራ «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፤ ግቡ፤ ብርድ ነው፤ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ» አለች። ሽሮውን እየተንተከተከ አመጣች። ጓደኞቼ እያደነቁ በሉ። አንዱ «እንዲህ ያለ ሽሮ በሕይወቴ አልበላሁም» አላት፤ እርሷም «ይብላህ አፈር አትበለኝ እንጂ፣ ራብህ ነው ያጣፈጠው» ብላ አሳቀችው። ወደ እኔ አላየችም። ብቻ እንጀራ ስትጨምር ከሁሉ አብልጣ ወደ እኔ በኩል አስቀመጠች።

ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ ብዬ ተነሣሁ። ቶሎ ለመውጣት ነበር። ሦስት መቶ ብር ሰጠኋት። ተቀበለች። ኀምሳ ብር መልስ ቈጥራ በእጄ ላይ አኖረችና፣ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለችኝ።

እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በጣይቱ ሆቴል ምኒልክ ለሚስቱ ከፈለ ተብሎ ሲሳቅ እኔ ያልሳቅሁት ስለዚህ ነው። እርሳቸው የከፈሉት ሚስታቸው ምግብ ሻጭ መሆኗን አገር እንዲያየው ነበር። እኔ የከፈልሁት እናቴ ምግብ ሻጭ መሆኗን አራት ሰው እንዳያውቅ ነው።

አጎቴ የሆነውን አያውቅም። እንጀራውን ይዤ መቅረቴን አይቶ «ምነው፣ ከእናትህ ሽሮ አነሰብህ?» አለኝ። ከዚያም ዝናቡን እያየ፣ ራሱን የሚያናግር ያህል በዝግታ፣ «እኔንም እኮ ሒሳብ ያስተማረችኝ እርሷ ናት። በየወሩ በፖስታ የምትልክልኝ ብር ሽሮ ሽሮ ይሸት ነበር፤ አዲስ አበባ ሆኜ ስራብ እርሱን አሸትት ነበር» አለ። ይህን ብሎ ተነሥቶ ሒሳቡን ከፈለ። እኔ ደግሞ በሚንቋቋው ደረጃ ላይ ወርጄ፣ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁት። በዝናብ ፊትን ማጠብ ለካ አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል።

ፍልሰታ ተፈቶ ወደ ደጀን ስመለስ ብቻዬን ነበርሁ፤ ጓደኛ የለም፤ የሚያይ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ጀግና መሆን ቀላል ነው። ከሚኒባሱ ወርጄ ሻንጣዬን ጥዬ አቀፍኋት። ስለዚያ ቀን እርሷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርሁም። ስለ ጣይቱ ሆቴል ግን ነገርኋት። የምኒልክን ታሪክ ዝም ብላ ሰማችና አልገረማትም። «ባል ለሚስቱ ባይከፍል ነበር የሚገርመው» አለች። የገረማት ሌላ ነገር ነው። ሰው ራሱ እያነሣ እንደሚበላ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዋጋው አንድ ሆኖ? የፈለገውን ያህል? ወዝ አደርና ሹፌር ቢመጣስ? ይከስራሉ እኮ!» አለች። ከዚያም ስለ ሽሮው ጠየቀችኝ፤ በምን እንደሚያቁላሉት፣ እንደ ውኃ ቀጥኖ እንደ ሆነ፣ ሽንኩርቱ ይታይ እንደ ሆነ። የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኋት። ስታስብ ቆይታ «አንድ ቀን ወስደህ ታሳየኛለህ፤ አልበላም፤ ወጥ ቤታቸውን ብቻ ነው የማይ» አለችኝ።

እስካሁን አልወሰድኋትም። በመጀመሪያ ገንዘብ አልነበረኝም፤ በኋላም የእኛ መንገድ ብዙ ጊዜ እየተዘጋ መሄድና መምጣት እንዴት እንዳስቸገረ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። ፒያሳም ቢሆን እኔ ያየኋት ፒያሳ አይደለችም፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል። ዛሬ እኔና አጎቴ በዝናብ ያለፍንበትን ሱቅና ምግብ ቤት ፈልጉ ብትሉኝ ቦታውን ማሳየት አልችልም። ከዚያ ሠፈር ስንት ሰው ሽሮ እየሸጠ ስንት ልጅ አስተምሮ ኖሯል እያልሁ አስባለሁ።

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው፤ ልጨርስ።

ያን ቀን ከእኔ ጋር የበሉት አራቱ ጓደኞቼ ዛሬ ማታ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ከፊት ናቸው፤ አንዱ በበሩ አጠገብ ቆሟል፤ አራተኛዋ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ናት። ሁሉም እኔን የአዲስ አበባ ልጅ አድርገው አራት ዓመት ኖረዋል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ «ያቺ የደጀኗ ሴት ሽሮ» እያሉ በመመገቢያ አዳራሹ ወጥ ላይ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁም ቊጥር ወጡን እያየሁ ዝም ብያለሁ።

ያቺ የደጀኗ ሴት እናቴ ናት።

የምረቃችን ቀን ትመጣለች። መንገዱ ከተከፈተ በመኪና፣ ካልተከፈተም እንደ ምንም ብላ እመጣለሁ ብላኛለች። ሽሮና በርበሬዋን ይዛ ስለምትመጣ፣ መኝታ ክፍላችን ማንደጃ መግባቱን የሚቃወም ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ። እናንተ አራታችሁ ተጋብዛችኋል። ሒሳቡን ለእርሷ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ከተቀበለችኝ።